የሁዳዴው ቁጥር፦ ሴሊያክ ያለባት እህቴ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ2023 ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት የእህቴ የደም ምርመራ ውጤት መጣ። ሴሊያክ የሚባል፣ ስንዴና ገብስ የሚቀሰቅሱት የአንጀት በሽታ አለባት፤ የምርመራው ቁጥር ከፍ ሲል በሽታው ተነሥቷል ማለት ነው። ስልኳን አቀበለችኝና «አንቺ አንብቢልኝ» አለች። 27 ይላል። ከሦስት ወር በፊት 12 ነበር። ከዚያ በፊት 31። በሽታው መጀመሪያ የታወቀ ጊዜ ደግሞ «ከ100 በላይ» ተብሎ ብቻ ነው የተጻፈው፤ መሣሪያው ከዚያ አልፎ አይቆጥርም። ላቦራቶሪው ደህና የሚለው ከ4 በታች ያለውን ነው። ዓመት ሙሉ ሲወርድ የከረመ ቁጥር ወደ ላይ ዞረ። በዚያ ዓመት ውስጥ ግን አንዲት ቁራሽ ዳቦ በእህቴ አፍ አልዞረችም፤ አንድ ቤት ስለምንኖር ምስክሯ እኔ ነኝ።

ከዚህ በታች ያለው ያ ቁጥር ለምን እንደዞረ የፈለግንበት ታሪክ ነው። ሐኪም አይደለሁም። እህቴ እንድጽፈው ፈቅዳለች፤ «ስሜን ብቻ ተዪው» ብላኛለች።

የኋላ ታሪክ

አዲስ አበባ እያለች «ጨጓራ» ነበረባት። እኛ ዘንድ ከደረት በታች የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው። ለኤች ፓይሎሪ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ጨርሳለች፣ ለጃርድያና ለአሜባማ ስንት ጊዜ እንደታከመች እሷም ረስታዋለች። ሆዷ ይነፋል፣ ይላላል፣ ደግሞ ሳምንት ደህና ትሆናለች። ደህና ስትሆን መድኃኒቱ ሠራ እንላለን።

በ2015 ወደ ቨርጂኒያ መጣች፣ አሌክሳንድሪያ። እዚህ ሆዷ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ በምትኩ ድካም ገባ። ደረጃ ወጥታ ትቀመጣለች። ጸጉሯ ይረግፋል። ደሟ ሲታይ ሄሞግሎቢኗ 9.2፣ በሰውነቷ የተከማቸው ብረት ከምንም የማይቆጠር። የብረት ክኒን ተሰጣት። አንዱ ሐኪም የወር አበባሽ በዝቶ ነው አላት፣ ሌላው ምግብ እንደበላሽ ቡና አትጠጪ አላት (ይህ እንኳ እውነትነት አለው፣ ቡና ብረትን ያግዳል)፣ ዘመድ ደግሞ ጥሬ ሥጋ ብዪ አላት። ሁለት ዓመት ክኒን ዋጠች። ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም።

መንገዱን የቀየረችው አንዲት ነርስ ናት። «ክኒኑን በትክክል እየወሰድሽ ከሆነ ብረቱ የት ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴ እስከ ዛሬ ይህችን ጥያቄ ታነሳታለች።

መልሱ የትም አይገባም ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ የገዛ ራሱን አንጀት ይወጋል። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። የቀጭኑ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ምንጣፍ ጸጉር ቀጥ ቀጥ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉት፣ ምግብ ወደ ደም የሚያልፈው በእነሱ ነው። በሽታው እነዚያን እያጨደ ግድግዳውን ልሙጥ ያደርገዋል። ጥቃቱ የሚከፋው ደግሞ ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ብረትም በዋናነት የሚመጠጠው እዚያው ነው። ስለዚህ ሆዱ ምንም ሳይለው ደም ማነስ ብቻ ይዞ የሚመጣ ታማሚ ጥቂት አይደለም።

መጀመሪያ ደሟ ለሴሊያክ ተመረመረ፣ ከዚያ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ከአንጀቷ ናሙና ተወሰደ። በሁለቱ መካከል ባሉት ሳምንታት አንድ ዘመዳችን በስልክ «ስንዴ ዛሬውኑ አቁሚ» ብሎ ሊያበላሸው ነበር። ምርመራው ሳያልቅ ስንዴ ያቆመ ሰው አንጀቱ ማገገም ይጀምርና ናሙናው ያሳስታል። ሐኪሟ እስከ ኢንዶስኮፒው ቀን ዳቦ እንድትበላ አዘዛት፤ በቀጠሮዋ ዋዜማ ከዳቦ ቤት ሙሉ አምባሻ ገዝታ መጥታ «ስንብት ነው» ብላ እየሳቀች በላች። መጋቢት 2022 ውጤቱ ተረጋገጠ።

ጤፍ እያለ?

ስንሰማ ደነገጥን ብል ውሸት ነው። መድኃኒት የለውም፣ ሕክምናው ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ብቻ ነው ሲሉን እኔና እሷ ተያይተን ሳቅን። እኛ ጤፍ በል ነን! የሌላው ዓለም ታማሚ በውድ ዋጋ የሚፈልገውን እህል እኛ እናታችን ማኅፀን ሆነን ጀምረነዋል። ወሬም አይደለም፤ በ2005 ሆላንድ ሌይደን የሚገኙ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዓይነቶች መርምረው ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው ነገር በአንዱም እንደሌለ አሳትመዋል።

ስህተታችን ጤፍንና እንጀራን አንድ ማድረጋችን ነው።

ከምንገዛበት ሱቅ ያለው እንጀራ ፕላስቲኩ ላይ «የጤፍ እንጀራ» ይላል። ትንንሹን ጽሑፍ ዞር አድርገን ስናነብ የስንዴ ዱቄት አለበት። ሁለተኛው ሱቅ ስንዴ አልተጻፈበትም፤ ገብስ ግን አለበት። የአሜሪካ ሕግ የታሸገ ምግብ ውስጥ ስንዴ ካለ በግልጽ እንዲነገር ያስገድዳል፣ ገብስ ግን በዚያ የአለርጂ ዝርዝር ውስጥ የለም። «ስንዴ የለውም» ማለት ለእህቴ ምንም ማለት አይደለም። ምግብ ቤት ስንሄድ አስተናጋጇ «ጤፍ ነው እህቴ፣ አትስጊ» ትላለች። ወደ ጓዳ ገብተው ጋጋሪዋን ሲጠይቋት «ራሱ የሚነፋውን ዱቄት ትንሽ ካልጨመርኩበት እንዴት ዓይን ያወጣል?» ነው መልሱ፤ ያ ዱቄት ደግሞ ስንዴ ነው። ሴትየዋ አልዋሸችም። ለእሷ ጤፍ ያለበት ሁሉ የጤፍ እንጀራ ነው፣ ለኛም እስከዚያ ቀን እንደዚያው ነበር። አዲስ አበባ እናቴ የምትጋግረው ንጹሕ ጤፍ ነበር፤ እህቴ እዚህ የባሰባት ለዚህ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ግን ፓስታና ዳቦ እዚያም ስለምትበላ አልምልበትም።

ቦካ ማለትም ጠራ ማለት አይደለም። ሊጡ ሦስት ቀን ስለተቀመጠ ግሉተኑ ይጠፋል የሚሉ አሉ። እርሾ ፕሮቲኑን ይቆራርጠዋል እንጂ አያጠፋውም። ይባስ ብሎ ከቦካ በኋላ የተለመደው ምርመራ በትክክል አይለካውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 ባወጣው ደንብ የቦካ ምግብ «ከግሉተን ነፃ» ለመባል ከመቡካቱ በፊት የነበረው ጥሬ ዕቃ ነፃ መሆኑን ማሳየት አለበት ያለው ለዚህ ነው።

እናም መጋገር ጀመርን። አይዳሆ ውስጥ የሚበቅለውን ጤፍ፣ ከግሉተን ነፃ የሚል ጽሑፍ ያለበትን፣ በከረጢት ገዛን። እርሾ ከጎረቤት ልናመጣ ስንል እህቴ በር ላይ ቆመች፤ የጎረቤታችን እርሾ ገብስ ካለበት ሊጥ የተረፈ ነው። ከዱቄትና ከውሃ ብቻ አዲስ እርሾ ጣልን። ምጣዱንም ቀየርን። ማሰሻውን ጨርቅ ሳይቀር። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን የሚባል ነገር አልነበረውም፣ ሁለተኛው ተበጣጠሰ፣ ሦስተኛው ምጣዱን አልለቅም አለ። አብሲቱን ማቅጠን እንዳለብን እናቴ በቪዲዮ እያየች እስክትነግረን ወር አለፈ።

ገበታው

ምግቡ የተጣራበት ቤት ውስጥ ሰው አለ። እዚህ ላይ ነው እህቴ የደከመችው።

አንድ ትሪ ዙሪያ ስድስት እጅ አለ። አንዱ እጅ ዳቦ ቆርሷል፣ ሌላው ሳምቡሳ ይዟል፣ ያው እጅ ወጡ ውስጥ ይገባል። በትሪው ላይ የእሷ እንጀራ ከዚህ ወዲህ ነው ብሎ ድንበር ማበጀት አይቻልም። መጀመሪያ ጥጉን ያዘች፣ አልሆነም፤ አሁን በሰሐን ለብቻዋ ትበላለች። ለብቻ መብላት እኛ ዘንድ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ የተጣላ ሰው ነው ለብቻው የሚበላው። የባሏ እናት ከኢትዮጵያ መጥተው በሁለተኛው ቀን «ልጅቷ ተጠየፈችን እንዴ?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁት። ጉርሻው ደግሞ አለ። ትልቅ ሰው ጠቅልሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «በሞቴ» ብሎ ሲጠብቅ ስለ አንጀት ግድግዳ ማስረዳት አይቻልም። እህቴ አንድ መላ ፈጠረች፦ ቀድማ ማጉረስ። ገበታ እንደቀረበ እጇን ታጥባ፣ ከራሷ ሰሐን ጠቅልላ ለሁሉም በየተራ ታጎርሳለች። መልስ ሊሰጣት የሚነሳ ካለ «የኔን አንዷን ለልጄ» ትላለች። አራት ጊዜ ከአምስት ይሠራል።

ሌላው ቀላል ነበር። ቅንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ገንፎ፣ ቆሎ፣ ንፍሮና ጠላ ከምግቧ ተሰረዙ። ገንፎው በቡላ ተተካ፣ ጨጨብሳው በጤፍ ቂጣ፤ ከድሮው ይሻላል ባይ ነኝ። ጠጅ ማርና ጌሾ ስለሆነ ቀርቶላታል። ቁርባንን በተመለከተ የንስሐ አባቷና እሷ የተነጋገሩት የሁለቱ ነው፣ እዚህ አልጽፈውም።

መስከረም 2022 ላይ 31፣ ጥር 2023 ላይ 12። ሄሞግሎቢኗ ያለ አዲስ መድኃኒት፣ ያው የድሮው ክኒን፣ ወጣ። ጸጉሯ ተመለሰ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ፍለጋው

ጾሙ በየካቲት አጋማሽ ከጀመረ በኋላ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ድካሙ ተመለሰ። ሆዷ ነፋ። «ጾሙ ነው» አልናት። ሁሉም ሰው ያንኑ አላት፤ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ ምን ታድርግ? ከፋሲካ በኋላ ያደረገችው ምርመራ ባይኖር ኖሮ በዚያው ይቀር ነበር። የደም ማነስን ጾም ያባብሰው ይሆናል። የዚያን ምርመራ ቁጥር ግን ጾም ከፍ አያደርገውም፤ ከፍ የሚያደርገው ግሉተን ነው።

ሐኪሟ የተለመደውን ጠየቃት፦ ሳታውቂ የበላሽው ምን አለ? እሷ ምንም አለች። እውነትም ምንም አላገኘንም። ወጥ ቤቱን ገለበጥን። እንጀራው ያው፣ ምጣዱ ያው፣ ዘይቱ ያው። ሊፕስቲክ ሳይቀር አነበብን። እህቴ ልጇ የምትበላው ብስኩት ላይ ጥርጣሬዋን ጣለች፣ እኔ ባሏ ላይ።

እኔ የደረስኩበት ጥያቄ በኋላ ሳየው ቀላል ነው፦ በሁዳዴ ብቻ የሚበዛው ምንድን ነው? ከጥር እስከ ሚያዝያ በቤታችን ያልተለወጠውን ትቼ የተለወጠውን ብቻ በወረቀት ጻፍኩ። አንድ ነገር ቀረ። ሽሮ። በፍስክ በሳምንት አንዴ፣ በጾም በቀን ሁለቴ፣ ለ55 ቀን።

ሽሮ ግን ሽምብራ ነው፣ አተር ነው፣ ባቄላ ነው። ይህን ሽሮ ደግሞ እናቴ ናት በገና ሰሞን በሰው እጅ የላከችው። ከሱቅ የተገዛ ቢሆን ቀድመን እንጠረጥረው ነበር፤ የእናት ስንቅ ማን ይጠረጥራል? በቤት የሚሠራ የግሉተን መመርመሪያ አዘዝኩ፣ እንደ እርግዝና ምርመራ መስመር የሚያወጣ ዓይነት። ሽሮ ስላልቦካ በዚህ ሊታይ ይችላል። በአይዳሆው ጤፍ ላይ ስሞክረው አንድ መስመር ወጣ፣ ነፃ ነው ማለት ነው። በሽሮው ላይ ሁለት።

ለእናቴ ደወልን። እህቴ ልታወራ አልፈለገችም፣ እኔ ያዝኩ።

«እማዬ፣ ሽሮውን የት ነው ያስፈጨሽው?»

«የት ይሆናል፣ ያው ታች ካለው ወፍጮ ቤት ነዋ። ምነው፣ ሻገተ?»

«አልሻገተም። ከሽሮው በፊት ምን ነበር የተፈጨው?»

ዝም አለች፣ እያሰበች። «የወንድምሽ በሶ። ለሁለታችሁም በአንድ ቀን ነው ያስፈጨሁት፣ ሰው ሊሄድ ነው ብለውኝ ተጣድፌ። በሶው ቀደመ፣ ሽሮው ተከተለ።»

ወንድማችን ሚኒሶታ ነው፣ ጭነት መኪና ይነዳል፣ ያለ በሶ መንገድ አይወጣም። በሶ ደግሞ የተቆላ ገብስ ነው። ወፍጮ አንዱን እህል ጨርሶ ሌላውን ሲቀበል ድንጋዩና አፈሙዙ ውስጥ የቀረውን ይዞ ይወጣል። እዚያ ቤት «ማጥራት» ማለት የሚቀጥለውን እህል ትንሽ ለቆ ማስወጣት ነው፣ ያንንም እናቴ ሽሮዬ አይባክንም ብላ አስቀርታዋለች። በዚያ ላይ ገብሱና ሽምብራው በአንድ ብረት ምጣድ ላይ ነው የተቆሉት።

ስንት ይሆናል? በግምት አስልቼው ነበር። ከሽሮው መቶ እጅ አንዷ ብቻ በሶ ናት እንበል። በአንድ ማዕድ 60 ግራም ሽሮ ቢበላ ከግማሽ ግራም በለጥ ያለ የገብስ ዱቄት አለበት፣ ከዚያ ውስጥ 30 ሚሊግራም ያህሉ ሴሊያክን የሚያስነሳው ፕሮቲን ነው። በቀን ሁለቴ 60። በ2007 የታተመ የጣሊያን ጥናት በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለሦስት ወር የወሰዱ ታማሚዎች አንጀታቸው መጎዳቱን አሳይቷል፤ አንድ ቁራጭ ዳቦ 2 ግራም ግሉተን አለው ቢባል 50 ሚሊግራም የዚያ አርባኛው ነው። ዓይን የማያየው፣ ምላስ የማይለየው ነገር።

እናቴ ሁሉንም ሰምታ ያለችው አንድ ነገር ነው፦ «በገዛ እጄ መርዝ ላክሁላት?» ስልኩን እህቴ ቀማችኝ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሁለቱም አለቀሱ፣ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሽሮውን ለጎረቤት በሚሰጥ ዕቃ ገለበጥኩ።

በማግስቱ እናቴ ራሷ ደወለች። ሌሊቱን አስባበት አድራለች። ከዚያ ወዲህ ሽሮ አትልክም፤ የምትልከው ክክ ነው፣ ያልተቆላ፣ በእጇ ፍሬ በፍሬ የለቀመችው። ጤፍም ሆነ ጥራጥሬ አውድማ ላይ ከስንዴና ከገብስ ጋር እንደሚደባለቅ ከኛ በላይ ታውቃለች፣ ገበሬ ቤት ነው ያደገችው። ቅመሙን በየፍሬው ለብቻ ትቋጥራለች፣ የእህቴን ቋጠሮ በቀይ ክር። እዚህ እኛ እንቆላለን፣ በትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ እንፈጫለን። ድምፁ ሕፃን ይቀሰቅሳል፣ ሽሮውም የእናቴን ያህል አይልምም። በርበሬውንም በዚያው ፈራን፤ የበርበሬው ወፍጮ ለብቻው ነው ብትለንም ሁለት ጊዜ መርምረን፣ አንድ መስመር ሲወጣ ነው የተውነው።

ጥቅምት 2023 ላይ ቁጥሩ 6 ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሁዳዴውን ጾማ ከፋሲካ በኋላ ስትለካ ከ4 በታች ወጣ። የአጥንቷም ጥንካሬ ታይቶ ትንሽ መሳሳት ስለተገኘ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ትወስዳለች፤ ያ የቆዩት ዓመታት ሒሳብ ነው።

በሽታው በዘር ይሄዳል፤ ታማሚ እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው አሥር ቢሆን አንዱ ያህል ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪሟ ሁላችንም እንድንመረመር ነገረን። እኔ ተመረመርኩ፣ የለብኝም፣ ልጇም እስካሁን ነፃ ናት። እናታችን «በዚህ ዕድሜዬ ማን ሆዴን ይበረብረዋል» ብላለች። ወንድማችን ዛሬ ነገ ሲል ሁለት ዓመት ሞላው። ባለፈው እሑድ ከመንገድ ዳር ሆኖ ደወለ፣ በሶውን እየበጠበጠ፤ ማንኪያው ሲንኳኳ ይሰማል። ሰሞኑን መሪ ይዤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፣ እርጅና ነው መሰለኝ አለና ሳቀ። አርባም አልሞላው።

እህቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «ብረትህን ተለክተህ ታውቃለህ?» አለችው።